ላሜራው ከየት መጣ? በከዚራ ጋራዥ አውሮፕላን መገጣጠም ለሚያስብ ሰው

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከዚራ ያለው ቤታችን 7 በ5 ሜትር የሆነ ጋራዥ አለው። ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ከውጭ በኪት (ክፍሎቹ ተዘጋጅተው ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው መልክ) አስመጥቼ እዚያው ልገጣጥም አስቤያለሁ። ጋራዡ ይበቃል? የድሬ ሙቀት አያስቸግርም? ወጪ ለመቀነስ የተወሰነውን ላሜራና ብሎን ከገበያ፣ ሞተሩን ደግሞ ከመኪና ብወስድስ? ፈቃድ የሚጠየቀውስ ማን ነው? ቀለሙን የምቀባው ከመገጣጠሜ በፊት ነው በኋላ?»

ምላሽ፦

የድሬ ልጅ ስለሆንክ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ እዚያ ከተማ «አንቱ» የተባለ ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ያስባል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጋራዡ ይበቃል። ሙቀቱ መገጣጠሙን አያግደውም፤ የሚጫነው በረራውን ነው። የገበያ ላሜራና ብሎን አይሆንም። የመኪና ሞተር እንደ ሞተሩ ነው። ፈቃዱን በጥያቄህ መጨረሻ አካባቢ አስቀመጥከው እንጂ አንዲት ብር ከማውጣትህ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። የእኔ ሙያ የአውሮፕላን አካል ጥገና ስለሆነ ግን፣ ላሜራ መቁረጥ፣ ሪቬት (ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ምስማር መሰል ማያያዣ) መምታትና ስንጥቅ መፈለግ፣ መጀመሪያ ወደ ላሜራው ባዳላ አትፍረድብኝ።

ከጻፍከው ሁሉ ያስጨነቀኝ «የተወሰነውን ላሜራ ከገበያ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ገበያ ላይ የምታገኘው የአሉሚኒየም ላሜራ በአብዛኛው ለድስት፣ ለበርና ለመስኮት ተብሎ የተመረተ ለስላሳ ዓይነት ነው። ባለሁለት መቀመጫ የአሉሚኒየም ኪቶች የሚሠሩት በአብዛኛው 6061-ቲ6 ወይም 2024-ቲ3 ከሚባሉ ቅይጦች ነው። በመጀመሪያው ማግኒዚየምና ሲሊኮን፣ በሁለተኛው ደግሞ በዋናነት መዳብ ተቀላቅሏል፤ ሁለቱም በሙቀት ታክመው እንዲጠነክሩ ተደርገዋል። 6061-ቲ6 ሲሳብ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ የሚያቅተው 275 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 2024-ቲ3 345 አካባቢ ይደርሳል። ለስላሳው ንጹሕ አሉሚኒየም ግን በ35 አካባቢ እጁን ይሰጣል። ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ብታያቸው ያው የሚያብለጨልጭ ላሜራ ናቸው። የሚለያቸው በላያቸው ላይ በተርታ የታተመው ጽሑፍና አብሮ የሚመጣው የፋብሪካ ወረቀት ነው።

በር ስትሠራ ብትጠራጠር ወፍራም ብረት ትጨምራለህ፤ ደንበኛው በሩ ከበደ ብሎ አይመለስም። አውሮፕላን ላይ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ንድፍ አውጪው ክንፉ ይሸከማል ብሎ የሚያስበው ከፍተኛ ጭነት ከሚሰበርበት ጭነት ጋር ያለው ልዩነት በተለመደው ደንብ 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር አውሮፕላኑ ይከብዳል። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ልዩነት ውስጥ «ይሄም ደህና ይመስላል» የሚባል ላሜራ የሚገባበት ቦታ የለም። አደራ የምልህ አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ከየት እንደመጣ በወረቀት ማሳየት የማትችለውን ነገር ለአውሮፕላኑ አትስጠው።

የብሎኑ ነገር ትንሽ ይለያል። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት የመኪና ብሎን ሲሳብ የሚበጠሰው 800 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ነው፤ ኤኤን የሚባለው የአውሮፕላን ብሎን ደግሞ 860 ገደማ። በቁጥር ተቀራራቢ ናቸው፤ ችግሩ 8.8 ብሎ የጻፈውን ሰው አለማወቃችን ነው። ሁለተኛው ችግር ጥርሱ ነው። የገበያ ብሎን ብዙውን ጊዜ እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ የወጣለት ነው። ክንፉን ከአካሉ ጋር በሚያገናኘው ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ከተቀመጠ ቀዳዳውን እየሞረደ ያሰፋዋል፤ ስንጥቅም መነሻው የጥርስ ሥር ነው። የኤኤን ብሎን ለስላሳው አንገቱ በሚያልፍበት ውፍረት ልክ ተመርጦ ይገባና ጥርሱ ከዳዶው ጋር ብቻ ይገናኛል። ማጥበቁም በክንድ ስሜት አይሆንም። ኤኤን3 የሚባለው 4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብሎን ዳዶው የሚጠብቀው ከ2.3 እስከ 2.8 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪና ጎማ መፍታት የለመደ ክንድ ሳይታወቀው ያልፈዋል። የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ ግዛ፤ እዚህ ላይ አትቆጥብ።

የሙያ ልማድህ ግማሹ ሀብትህ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ግን ጋራዡ በር ላይ ትተወዋለህ። ላሜራ ላይ መስመር የምታወጣበትን ሹል ብረት ጣለው። በዚህ ሥራ የላሜራው ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጭረት ቆይቶ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። እርሳስም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ግራፋይት እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። መስመር የሚወጣው በቀጭን ማርከር ነው። የተጣመመ ክፍል በእሳት አሙቆ ማቃናት ለብረት በር ደግ ነው፤ ለ6061-ቲ6 ግን ጥንካሬውን ማራገፍ ነው፤ ቀለሙ ስለማይለወጥም ማንም አያይልህም። ሳቢያን ባለው ወርክሾፕህ እንዳትሠራው የምመክርህም ለዚህ ነው። ከብየዳና ከግራይንደር የሚረጨው የብረት ብናኝ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ዝገት ይጠራል። የከዚራው ጋራዥ ብየዳ ያልገባበት ይሁን፤ ሞረዱም ፑንታውም ለአሉሚኒየም ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ።

ቀዳዳ ላይ ረጅም ጊዜ ታጠፋለህ። ስትሰረስር በቀዳዳው ከንፈር ላይ የሚቀረውን ሸካራ ጠርዝ በሁለቱም በኩል ማንሣት አሰልቺ ነው፤ አንድ አውሮፕላን ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። አይዘለልም። የቀዳዳው መሐል ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ 3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት ከሆነ 6.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ቀዳዳው ከቦታው ከሳተ በሞረድ ጎትተህ አታስተካክለውም። የጠርዙ ርቀት ከፈቀደ ቀጣዩን የሪቬት መጠን ትጠቀማለህ፤ ካልፈቀደ ክፍሉን ትጥላለህ። ከፋብሪካው አዲስ ክፍል ማዘዝ ድሬ ላይ ሆኖ ያማል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ለመለማመጃ ተጨማሪ ላሜራ አብረህ እዘዝ።

ሪቬት ሁለት ዓይነት ነው። ድፍኑ ከአንድ ወገን በአየር መዶሻ ሲመታ ከሌላው ወገን ሰው ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ሁለት የተናበቡ ሰዎች ይፈልጋል። ሁለተኛው ከአንድ በኩል ብቻ ተስቦ የሚያብጠው ነው፤ ብቻህን ትሠራዋለህ። ለአንተ ሁለተኛውን የሚጠቀም ኪት እመርጥልሃለሁ። ክሪስ ሃይንትዝ በ1980ዎቹ የነደፈው የዜኒት ሲኤች 701፣ የቫንስ ኩባንያ አርቪ-12፣ ከአህጉራችን ደግሞ ጆሃንስበርግ የሚሠራው ስሊንግ 2 በዚህ ዓይነት ሪቬት የሚገጣጠሙ የአሉሚኒየም አውሮፕላኖች ናቸው። በፋይበርና በሙጫ የሚሠሩት ቅርጻቸው ያማረ ነው፤ የድሬ ሰኔ ግን አይወዳቸውም። ኢፖክሲ ሙጫ ሙቀት ሲያገኝ ብሩሹን ሳታነሣ መርጋት ይጀምራል፤ ከደረቀ በኋላም ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ክንፍ ሙጫው እስኪለሰልስ ሊግል ይችላል።

ዛሬ ብዙዎቹ ኪቶች ቀዳዳቸው ቀድሞ በኮምፒውተር ተወግቶ ይመጣሉ። ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ የተሳሳተ ክፍል ይዘሃል ማለት ነው፤ በጉልበት አታስገባው። ሆኖም ፋብሪካ ስለላከው ብቻም እንዳትተኛ። በ2023 እ.ኤ.አ. ቫንስ በሌዘር የተቆረጡ ቀዳዳዎች ለሪቬት ራስ ሲጎደጎዱ እየተሰነጠቁ መሆኑን ለገዢዎቹ አሳወቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥም የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ክፍሎቹ ቁጥርና የተላኩበት ቀን ስለነበራቸው ግን የትኞቹ እንደሆኑ መለየት ተቻለ። ከገበያ የተገዛ ላሜራ ቢሆን ኖሮ ማን መጥቶ «ያቺን አውጣት» ይልሃል?

አሁን ሙቀቱ። ጋራዥ ውስጥ የሚያስቸግርህ መጠነኛ ነው። አሉሚኒየም በ20 ዲግሪ ልዩነት 2.4 ሜትር ርዝመት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፀሐይ ያገኘውን ላሜራ ጥላ ውስጥ ከቆየው አጽም ጋር ለማጋጠም ብትሞክር ቀዳዳዎቹ ጫፍ ላይ ይዛነፋሉ። ሁለቱም አንድ ቦታ ያድሩ፤ ሥራውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አድርገው። ድሬ ራሷ ቀትር ላይ በሯን ዘግታ ታርፋለች፤ አንተም እረፍ። የነዳጅ ታንኩን የምታሽግበት ማስቲሽም በሙቀት ፈጥኖ ስለሚረጋ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚበጠበጠው።

በረራው ላይ ግን ነገሩ ከባድ ነው። የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ነው። በሰኔ ቀትር ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ፣ መደበኛ አየር 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖረውን ያህል ብቻ ጥግግት ይቀረዋል። ሐረር ያለችው 1,885 ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ክንፍህና ሞተርህ ገና ከማኮብኮቢያው ሳይነሡ ከሐረር በላይ ያሉ ያህል ይደክማሉ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በዚህ ስሌት 80 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወደ 63 ይወርዳል። ለመነሣት የሚሮጠው ርቀትም በባሕር ጠለል ከሚፈልገው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ማኮብኮቢያው ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ ርቀቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ከተነሣ በኋላ ከፍታ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ከከተማው በስተደቡብ የደንገጎ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ቀትር ላይ ከሸንተረሩ የሚነሣው ትኩስ አየር ደግሞ 500 ኪሎ ግራም የማትሞላን አውሮፕላን እንደፈለገ ያንገላታታል። ማለዳ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ያው ስሌት 1,600 ሜትር ገደማ ይሰጥሃል። ስለዚህ በኪቱ ዝርዝር ውስጥ 80 እና 100 ፈረስ ጉልበት ሲቀርብልህ 100ውን ያዝ፤ በረራህንም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርስ።

የመኪና ሞተር ብትጠቀም ሕልም አይሆንም። የቮልስዋገን ቢትል ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝና ማርሽ ሳይቀንስ ፕሮፔለር ማዞር ስለሚችል ለአሥርተ ዓመታት ትናንሽ አውሮፕላኖችን ሲያበር ኖሯል፤ አገራችን ውስጥ አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ የሠራት «ኬ-570ኤ» የተባለች አውሮፕላንም ሞተሯ እሱው ነበር። ግን አስብ። ሚኒባስ ሙሉ ጉልበቱን የሚጠየቀው ደንገጎን ሲወጣ ነው፤ የአውሮፕላን ሞተር ሲበር የሚውለው ሁልጊዜ ደንገጎን እየወጣ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ሞተር በአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ሁለት የተለያየ የእሳት መስመር ይኖረዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያደርስሃል። የመኪናውን ለመለወጥ ለዚህ ሁሉ፣ ፕሮፔለሩ ለሚታሰርበት የክራንክ ዘንግ ጫፍ ጭምር፣ ራስህ መፍትሔ ማበጀት አለብህ። ኦስትሪያ የሚሠራው ሮታክስ 912 ይህ ተፈቶለት ይመጣል፤ አዲሱ 100 ፈረስ ጉልበት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል፣ በ2,000 ሰዓት ዋና ጥገና ይፈልጋል። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር የተሠራችው «ፀሐይ» እንኳ አካሏ እዚህ ሲሠራ ሞተሯ ዋልተር ከሚባለው የቼኮዝሎቫኪያ ፋብሪካ የመጣ ነበር። እኔ ብሆን በሞተሩ ላይ አልሟገትም።

ሮታክሱ የመኪና ቤንዚን ይቀበላል፤ ባለ 80ው ቢያንስ 90 ኦክቴን፣ ባለ 100ው 95 ይፈልጋል። በጀሪካን እየተዘዋወረ የሚሸጠውን እንዳታስበው። የመኪና ቤንዚን በሙቀት ቱቦ ውስጥ ተንኖ ነዳጁን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ የነዳጅ መስመሩ ከማርሚታው ርቆ፣ ሙቀት በሚከላከል ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ትርፉን ወደ ታንኩ የሚመልስ መስመር ኖሮት ይሠራ።

ወደ ፈቃዱ። የምትጽፈው ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አገራችን የሚመዘገብ አውሮፕላን «ኢቲ» የሚል መለያ ይይዛል። ደብዳቤህ ላይ የኪቱን ስም፣ የሞተሩን ዓይነት፣ የምትገጣጥምበትን ቦታ አስፍርና በምን ምድብ እንደሚመዘገብ፣ ክንፉ ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን የሚያይልህ ማን እንደሆነ፣ የሙከራ በረራው የት እንደሚደረግ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተሰጠ «ችግር የለውም» ጉምሩክ ላይ አይሠራም። የድሬዳዋ አየር ማረፊያ የአየር ኃይል ምድብም ያለበት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሞተር አስነሥቶ መንደርደርን አታስበው፤ በሽንሌ በኩል ያለው ሜዳ ባዶ መሆኑም የሰማዩ ባለቤት የለም ማለት አይደለም።

የአሜሪካውን ደንብ እንደ ሞዴል አያይዘው፤ ንግግሩን ያቀልልሃል። እዚያ አንድ አውሮፕላን በግለሰብ የተሠራ ተብሎ እንዲመዘገብ ከግማሽ በላይ ሥራው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲል በሠራው ሰው መከናወን አለበት። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት ሰው ካልበዛበት ቦታ በላይ ተሞክሮ ነው ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው። ለዚህ ማስረጃው የሥራ መዝገብህ ነው፤ በየቀኑ ምን እንደሠራህ፣ ከየትኛው ሳጥን የወጣ ክፍል እንደሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ። ፎቶ ያልተነሣ የክንፍ ውስጥ ለመርማሪ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ጅቡቲ ደርሶ መመለስ ያማረህ እንደሆነ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ዓለም አቀፉን መደበኛ የብቃት ምስክር ወረቀት ስለማይይዝ ድንበር ለመሻገር የሌላውን አገር ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል።

መገጣጠም ማብረር አይደለም፤ የመጀመሪያውን በረራ ልምድ ያለው ሰው ያድርገው።

ኪቱን በአንድ ጊዜ አታስመጣ። መልሱ በጽሑፍ ከመጣ በኋላ የጅራቱን መሪ ብቻ እዘዝ፤ ዜኒት ለጀማሪዎች ለብቻው ይሸጠዋል፣ በሳጥን ይመጣል፣ ኮንቴይነር አይፈልግም። እሱን ስትጨርስ ሥራውን ትወደው እንደሆነ፣ የዶላሩ ነገር እንዴት እንደሚያደርግህ፣ ጉምሩክ በምን ስም እንደሚመዘግበው ታውቃለህ። ሲኤች 701ን የመሰለ አውሮፕላን በመቶዎች የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ይወስዳል፤ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚሠራ ሰው ዓመታት ይቆጥር። ትልቁ ሣጥን በጅቡቲ በኩል ሲደርስ የባሕሩን ጨዋማ አየር ይዞ ስለሚመጣ በዚያው ዕለት ክፈተው፤ ማሸጊያውን ወረቀት ጥለህ ክፍሎቹን ጥረግ፣ በዝርዝሩም ቁጠር። የጎደለ ነገር ከወራት በኋላ ብትጠይቅ የሚሰማህ የለም።

ጋራዡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፤ አካሉ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ክንፎቹ ተነቅለው ግድግዳ ላይ ይቆማሉ፣ ብቻ የጋራዡንና የግቢውን በር ስፋት አሁኑኑ ለካና በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ካለው ስፋት ጋር አስተያይ።

ቀለም በመጨረሻ ነው፤ ከሙከራው በረራ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። ብዙ ነገር እየተፈታ ይስተካከላልና የተቀባውን መላጥ ታዝናለህ። በዚህ መጠን አውሮፕላን ላይ ቀለም ብቻውን 10 ኪሎ ግራም አካባቢ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከተቀባ በኋላ በሦስቱም ጎማዎች ሥር የተፈተሸ ሚዛን አስገብተህ እንደገና መዝን፣ የክብደቱን መሐልም እንደገና አስላ። በክብደት የተመጣጠኑ መሪዎች ካሉት እነሱም ከቀለም በኋላ እንደገና ይመጣጠናሉ፤ ካልተደረገ በፍጥነት ጊዜ ሊርገበገቡ ይችላሉ። ነጭ ቀባው፤ ሁለት ስስ ንብር ይበቃል።